የዩቪ ባትሪ፦ የሚያሳየንና የሚያሳስተን

ቲክቶክ ላይ አንድ የተለመደ ቪዲዮ አለ። ሰውየው ሆቴል ክፍል ይገባል፣ መብራት ያጠፋል፣ ከዚያ ትንሽ የእጅ ባትሪ አውጥቶ አልጋው ላይ ያበራል። አንሶላው ላይ ጠብ ጠብ ያለ ነገር ቦግ ብሎ ይታያል። ቀጥሎ ጩኸት ነው፣ "ይሄን አልጋ ነው ያከራዩኝ!"

ባትሪው አልዋሸም። ግን የሚናገረው በጣም ትንሽ ነገር ነው፤ "እዚህ ጋ የሚያበራ ነገር አለ" ከማለት አያልፍም። ያ ነገር ሽንት ይሁን፣ የጥርስ ሳሙና ይሁን፣ በደንብ ያልተለቀለቀ ኦሞ ይሁን አያውቅም። የት እንደምናይ ይጠቁመናል፣ ምን እንዳየን ግን አይነግረንም። ይህን ይዞ ለሚጠቀምበት ሰው የዩቪ ባትሪ ከሆቴል አልጋ ለበለጠ ቁም ነገር ይውላል።

መጀመሪያ አሠራሩን እንየው። ዓይናችን የሚያየው ብርሃን ከቀይ እስከ ሐምራዊ ያለውን ነው። ከሐምራዊ ወዲያ ያለው አልትራቫዮሌት ይባላል፣ በአጭሩ ዩቪ። የሞገድ ርዝመቱ ከ400 ናኖሜትር በታች ነው። ፀሐይ በየቀኑ ታወርድብናለች፣ እኛ ግን አናየውም። አንዳንድ ነገሮች ይህን የማይታይ ብርሃን ይውጡና ከጉልበቱ ጥቂቱን አስቀርተው የቀረውን በሚታይ ቀለም መልሰው ያወጡታል። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ወይም ሮዝ ሆኖ የምናየው እሱን ነው። ፍሎረሰንስ የሚለውን ስም ያወጣለት የካምብሪጁ ሊቅ ጆርጅ ስቶክስ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1852። ከመረመራቸው ነገሮች አንዱ የወባ መድኃኒቱ ኩዊኒን የሟሟበት ፈሳሽ ነበር። ቶኒክ ውስጥ ዛሬም ትንሽ ኩዊኒን አለ። ስለዚህ ጨለማ ክፍል ውስጥ የቶኒክ ጠርሙስ ላይ ብታበሩ ውስጡ ሰማያዊ ሆኖ ይደምቃል። ባትሪ ገዝቶ ለመሞከር ከዚህ የቀለለ ነገር የለም።

ገበያ ላይ ያሉት ባትሪዎች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዱ 395 ናኖሜትር፣ ሌላው 365 ናኖሜትር ነው። ልዩነቱ ቁጥር ብቻ ይመስላል፣ ሲሠራበት ግን ሰፊ ነው። 395 ከሚታየው ሐምራዊ ብርሃን ጋር ድንበር ላይ ስለሆነ ሲበራ ሁሉንም ነገር ሐምራዊ ያደርገዋል። ደካማ ብርሃን ያለው ነገር በዚያ ሐምራዊ ውስጥ ይሰጥማል። 365 ግን ለዓይን ብዙም አይታይም፤ በተለይ ፊቱ ላይ ጥቁር ማጣሪያ መስታወት ካለው የሚደምቀው ዕቃው ብቻ ነው። ለጊንጥና ለአይጥ ሽንት ርካሹ 395 ይበቃል። ለገንዘብ፣ ለመነጽርና ለእህል ግን 365 ግዙ።

አሁን ወደ ገንዘብ። አሜሪካ ነዳጅ ማደያ ወይም ሱቅ ውስጥ የምትሠሩ፣ ወይም ከውጭ ከመጣ ዘመድ ዶላር የምትቀበሉ ከሆነ ይህ ክፍል ለናንተ ነው።

የዶላር ኖት ወረቀት ተራ ወረቀት አይደለም። 75 በመቶው ጥጥ፣ 25 በመቶው ተልባ እግር ከሚገኝ ክር ነው። ተራ የፕሪንተር ወረቀት ነጭ እንዲመስል አንጸባራቂ ኬሚካል ይጨመርበታል፣ ስለዚህ በዩቪ ሲታይ ሰማያዊ ነጭ ሆኖ ይቦገበጋል። የዶላር ወረቀት ይህ የለውም፤ ድብዝዝ ብሎ ይቀራል። በውስጡ ያለው የደህንነት ክር ግን ይደምቃል፣ ቀለሙም እንደ ኖቱ ይለያያል። የ5 ዶላር ሰማያዊ፣ የ10 ብርቱካናማ፣ የ20 አረንጓዴ፣ የ50 ቢጫ፣ የ100 ሮዝ ነው። የ1 እና የ2 ዶላር ኖቶች ክር የላቸውም፤ እነሱ ላይ አትድከሙ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ በፊት የታተሙ አሮጌ ኖቶችም ክር ስለሌላቸው አያበሩም። አላበሩም ተብሎ ሐሰተኛ ናቸው ማለት አይደለም።

የባትሪው ትልቁ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው። አንዳንድ አጭበርባሪዎች እውነተኛ የ5 ዶላር ኖት ወስደው ቀለሙን አጥበው ያስለቅቁና በዚያው ወረቀት ላይ 100 ያትሙበታል። ሱቆች የሚጠቀሙበት የገንዘብ መፈተሻ እስክሪብቶ ይህን አይዝም። እስክሪብቶው ውስጥ ያለው አዮዲን ነው፤ የሚያጠቁረውም ተራ ወረቀት ውስጥ ያለውን ስታርች ነው። እዚህ ግን ወረቀቱ እውነተኛ ነው። በጣት ቢዳሰስም እውነተኛ ነው። ዩቪ ስታበሩበት ግን ክሩ ሮዝ በመሆን ፋንታ ሰማያዊ ይሆናል፤ ወይም ያለቦታው ይገኛል። የ100 ዶላር ክር ከምስሉ በስተግራ ነው፣ አሁን ያለው የ5 ዶላር ክር ደግሞ በስተቀኝ። እስክሪብቶው ያለፈውን ባትሪው ያዘው ማለት ነው።

ባትሪው የሚያሳስትበትም አለ። ጂንስ ኪስ ውስጥ ተረስቶ በኦሞ የታጠበ እውነተኛ ኖት ወረቀቱ ያበራል። ኦሞም ሆነ ሌላው የልብስ ሳሙና ዱቄት ልብስ ነጭ እንዲመስል ያንኑ አንጸባራቂ ኬሚካል ስለያዘ ኖቱንም ይለቀልቀዋል። (የታጠበ ነጠላ ላይ አብሩና እዩ፤ ለምን ያን ያህል እንደሚነጣ ይገባችኋል።) ስለዚህ ወረቀቱ አበራ ብላችሁ ሰው ከመክሰሳችሁ በፊት ክሩን እዩ፣ ኖቱን ወደ መብራት አንስታችሁ የውስጥ ምስሉን እዩ፣ በጣት ዳስሱት።

ለብር ደግሞ የምመክረው ማወዳደር ነው። መስከረም 2013 ላይ ይፋ የሆኑትን የ50፣ የ100 እና የ200 ብር ኖቶች ከባንክ እንደወጡ አንድ አንድ ወስዳችሁ በጨለማ እያበራችሁ ተመልከቱ። የትኛው ቦታ ደመቀ፣ በምን ቀለም፣ ጀርባውስ? ያንን በዓይናችሁ ከያዛችሁ በኋላ የተጠራጠራችሁትን ጎን ለጎን አድርጉት። ጥሩ ነጋዴ ይህን ካለ ባትሪም ያደርገዋል። ባትሪው ጥርጣሬ ያነሳል እንጂ ፍርድ አይሰጥም፤ የመጨረሻው ቃል የባንክ ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ጥቅም አለ፣ የፀሐይ መነጽር መፈተሽ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ወደ ላይ አንድ ሺህ ሜትር በወጣን ቁጥር የዩቪው ጉልበት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። መንገድ ላይ የሚሸጠው መነጽር ሁሉ "ዩቪ 400" የሚል ተለጥፎበታል። መለጠፉ ከባድ አይደለም። የጠቆረ ግን ዩቪ የማያስቀር መነጽር ደግሞ ካለመነጽር ሊብስ ይችላል፤ በጥቁረቱ የዓይን ብሌን ይሰፋና ዩቪው ይገባል።

አፈታተሹ ቀላል ነው። ነጭ የፕሪንተር ወረቀት ጨለማ ውስጥ አስቀምጡ። በ365 ባትሪ አብሩበት፣ ሰማያዊ ሆኖ ይቦገበጋል። አሁን የመነጽሩን ሌንስ ባትሪውና ወረቀቱ መሀል አስገቡ፤ እናንተ ግን በሌንሱ ውስጥ ሳይሆን ከጎን ወረቀቱን ተመልከቱ። ድምቀቱ ጭራሽ ከጠፋ ሌንሱ ዩቪውን ይዞታል። ወረቀቱ አሁንም ካበራ መነጽሩ ጌጥ ነው። 395 ባትሪ ለዚህ አይሆንም። የሚታየው ሐምራዊ ብርሃን በጥሩ ሌንስም ውስጥ ስለሚያልፍ ጥሩውን መነጽር መጥፎ ያስመስለዋል።

ጊንጥ ላይ ግን ማንኛውም ባትሪ ይሠራል። ቆላ አገር የሠራ ሰው፣ አፋርም ሆነ ቦረና ድንኳን ውስጥ ያደረ፣ ጠዋት ጫማውን ሳያራግፍ አያጠልቅም። የጊንጥ ቆዳ ውስጥ ዩቪ ሲነካቸው አረንጓዴ ሰማያዊ የሚያበሩ ኬሚካሎች አሉ። ሌሊት መሬቱን በዩቪ ባትሪ ስትቃኙ ሌላው ሁሉ ጨለማ ሆኖ ጊንጡ ብቻ ከሜትሮች ርቀት ተለይቶ ይታያል። አጥኚዎች በአልኮል ያስቀመጡት የሞተ ጊንጥ እንኳ ያበራል፤ አንዳንዴ ያስቀመጡበት አልኮል ራሱ ማብራት ይጀምራል። ጊንጥ ማብራቱ ለምን እንደሚጠቅመው ግን ሊቃውንቱ እስካሁን አልተስማሙም።

እዚህም ላይ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለ። ቆዳውን ገና የቀየረ ጊንጥ አዲሱ ቆዳ እስኪጠነክር አያበራም። እባብ ደግሞ እንደ ጊንጥ አይደምቅም። ሌሊት ስትወጡ በሌላው እጃችሁ ተራ ነጭ ባትሪ ያዙ። ጊንጥ ስትፈልጉ እባብ መርገጥ አለና።

አሁን ጠንከር ወዳለው ጉዳይ እንለፍ፣ ወደ እህል ሻጋታ። እ.ኤ.አ. በ1960 እንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ ተርኪዎች በማይታወቅ በሽታ አለቁ። ሲመረመር የበሉት የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሻግቶ ነበር። ከሻጋታው የተገኘው መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ። ጉበት የሚጎዳ፣ ካንሰር የሚያመጣ መርዝ ነው። ዓይነቶቹ ቢ እና ጂ የተባሉት በላቦራቶሪ ውስጥ በዩቪ ሲታዩ አንዱ ሰማያዊ (በእንግሊዝኛ ብሉ)፣ ሌላው አረንጓዴ (ግሪን) ስለሚያበሩ ነው። የኛም አገር ጉዳይ ነው። በበቆሎና በኦቾሎኒ ይገኛል። በአዲስ አበባ ዙሪያ የወተት ናሙናዎች ላይ በተደረገ ጥናትም ከመርዙ የሚመጣው ኤም1 የተባለው ዓይነት ተገኝቷል፤ ላሞቹ ከሚበሉት የኑግ ፋጉሎ ጋር ነው የተያያዘው።

ታዲያ ባትሪው ይረዳል? በበቆሎ ላይ፣ በተወሰነ ደረጃ፣ አዎ። እህል መርማሪዎች የሚያደርጉት ይህ ነው። ፍሬው ከተሰባበረ በኋላ ጨለማ ውስጥ በ365 ይታያል። ሻጋታው ያደረበት ቁራጭ ደማቅ አረንጓዴ ቢጫ ሆኖ ያበራል፤ ከእህሉ ተፈጥሯዊ ፈዛዛ ሰማያዊ በግልጽ ይለያል። የሚያበራው ግን መርዙ ራሱ አይደለም። ሻጋታው የሚሠራው ሌላ አሲድ ከበቆሎው ኢንዛይም ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ነገር ነው። ስለዚህ ያበራ በቆሎ ላይ መርዙ ላይኖር ይችላል። በይበልጥ የሚያስፈራው ተቃራኒው ነው፤ ያላበራ በቆሎ ላይ መርዙ ሊኖር ይችላል፣ ረጅም ጊዜ የተከማቸ እህል ላይም ድምቀቱ ይጠፋል። ባትሪው የትኛው ጆንያ ቀድሞ ላቦራቶሪ መሄድ እንዳለበት ይነግራችኋል። ለቤት ፍጆታ ከሆነ ደግሞ የሻገተና የተሸበሸበ ፍሬ ለቅሞ መጣል ከባትሪው የበለጠ ይሠራል። መቁላትና መቀቀል መርዙን አያጠፋውም።

ወተት ላይ አታብሩ፣ ወተት ራሱ ያበራል። በርበሬ ላይም፣ ማር ላይም፣ ቅቤ ላይም ብዙ ነገር ስለሚያበራ "ንጹሕ ነው፣ የተቀላቀለ ነው" የሚል መልስ አታገኙም። እንዲህ ያለ ቪዲዮ ካያችሁ ባትሪ ሻጭ የሠራው ነው።

የአይጥ ጉዳይ ግን ትክክል ነው። የምግብ መጋዘን ተቆጣጣሪዎች የአይጥ ሽንት የሚፈልጉት በዩቪ ነው። በግድግዳ ጥግ፣ በጆንያ ላይ፣ በመደርደሪያ ጠርዝ ተከታታይ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። እዚህ ላይ ከቀለሙ ይልቅ አቀማመጡ ይናገራል። የፈሰሰ ሳሙና ኩሬ ይሠራል፣ አይጥ ግን መንገድ አላት። መንገዷን ካገኛችሁ ወጥመዱን የት እንደምታስቀምጡ አወቃችሁ። ድመት ምንጣፍ ላይ የት እንደሸናችም በዚሁ ይታወቃል፣ ሽታው ብቻ እያለ ቦታው ሲጠፋ።

ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ውድ እ.ኤ.አ. በ1903 የሚታየውን ብርሃን አስቀርቶ ዩቪ የሚያሳልፍ መስታወት ሠራ። እ.ኤ.አ. በ1925 ደግሞ ፈረንሳይ ውስጥ የራስ ጭርትን ለማየት ዋለ። የቆዳ ሐኪም ዘንድ "የውድ መብራት" ሲባል ከሰማችሁ እሱ ነው። አንዳንድ የጭርት ፈንገሶች ፀጉሩን አረንጓዴ ያደርጉታል። ለምጽም በዚህ መብራት ጠርዙ ጥርት ብሎ፣ ነጭ ሰማያዊ ሆኖ ይታያል።

ወላጆች ግን ይህን ልብ በሉ። ኢትዮጵያ ውስጥ የልጆችን የራስ ጭርት በብዛት የሚያመጣው ትራይኮፋይተን ቫዮላሲየም የሚባለው ፈንገስ ነው፣ እሱ ደግሞ በዩቪ አረንጓዴ አያበራም። ባትሪ አብርታችሁ ምንም ስላላያችሁ "የለበትም" ማለት አይቻልም። በሌላ በኩል ቫዝሊን ያበራል፤ ቫዝሊን የተቀባ የልጅ ጭንቅላት ሁሉ በሽተኛ ይመስላል። ይህን ለቆዳ ሐኪም ተዉት።

ቫዝሊን ማብራቱ ግን ለሌላ ነገር ይጠቅማል። ለልጆች የእጅ መታጠብ ትምህርት ማለቴ ነው። እጃቸውን ስስ አድርጎ ቫዝሊን መቀባት፣ በውኃ ብቻ አስታጥቦ በጨለማ ማሳየት፣ ከዚያ በሳሙና አስታጥቦ እንደገና ማሳየት። በጥፍር ሥርና በጣቶች መሀል የቀረውን ራሳቸው ያዩታል። ሆስፒታሎችም ጽዳት የሚፈትሹበት ተመሳሳይ ዘዴ አላቸው። በማይታይ ቀለም በር እጀታ ላይ ምልክት ያደርጉና በማግስቱ ተጠርጎ እንደሆነ በዩቪ ያያሉ።

ጋራዥ ውስጥ ደግሞ ነገሩ በጣም ግልጽ ነው። የመኪና ኤሲ ጋዝ እየሞላችሁ በየወሩ የሚያልቅባችሁ ከሆነ የሆነ ቦታ ያፈሳል። ጎበዝ መካኒክ ጋዙ ውስጥ የሚያበራ ቀለም ይጨምርና ኤሲው ትንሽ ከሠራ በኋላ ቱቦዎቹን በዩቪ ይቃኛል። የሚያፈስበት ቦታ ቢጫ አረንጓዴ ሆኖ ያጋልጣል። እዚህ ባትሪው እምብዛም አያሳስትም፣ የሚያበራውን ነገር ያስገባነው እኛው ነንና። ሳታስፈትሹ ደጋግማችሁ ጋዝ ከምታስሞሉ ይህን ጠይቁ።

ስልክ ጠጋኞችም፣ ጄል ጥፍር የሚሠሩ ሴቶችም፣ የተሰነጠቀ የመኪና መስታወት የሚጠግኑም ዩቪ ይጠቀማሉ። እነሱ ግን የሚፈልጉት እንዲያሳያቸው አይደለም፤ ማጣበቂያው ወይም ቀለሙ በዩቪ ጉልበት እንዲደርቅላቸው ነው። ትንሽ የእጅ ባትሪ ለአንዲት ጠብታ ማጣበቂያ ይሆናል፣ ለሙሉ ስክሪን ግን ጊዜ ይፈጃል።

የማይሠራውን ደግሞ ቁርጡን ልንገራችሁ። ጀርም አይገድልም። ጀርም የሚገድለው ዩቪ ሲ የሚባለው፣ ከ280 ናኖሜትር በታች ያለው ነው፤ እሱም ቆዳና ዓይን ስለሚያቃጥል ሰው በሌለበት ነው የሚበራው። ኮቪድ ጊዜ "ስልክ ያጸዳል" ተብለው ከተሸጡት ዕቃዎች አንዳንዶቹ ሐምራዊ አምፖል ብቻ ነበሩ። 365 እና 395 ባትሪ እጃችሁ ላይ ብታበሩ እጃችሁ ሐምራዊ ይሆናል፣ አለቀ።

ደምም አያበራም። ፊልም ላይ ደም ሰማያዊ ሆኖ የሚደምቀው ሉሚኖል የሚባል ኬሚካል ተረጭቶበት ነው። በዩቪ ባትሪ ደም ብርሃኑን ይውጣል፣ ስለዚህ ጠቁሮ ይታያል። የሆቴሉ አንሶላ ላይ ቦግ ያለው ነገር ምንም ይሁን ምን ደም አይደለም።

ስለ ዓይን አንድ ነገር። ነጭ ባትሪ ዓይን ላይ ቢበራ ወዲያው እንጨፍናለን፣ ብሌናችንም ይጠባል። ዩቪ ደብዛዛ ስለሚመስል ይህን መከላከያ አይቀሰቅሰውም፤ ጉልበቱ ግን አለ። ስለዚህ ወደ ሰው ዓይን አታብሩ፣ መስታወት ላይ አታብሩ፣ ለሕፃን መጫወቻ አትስጡ። ብዙ የምትሠሩበት ከሆነ የሠራተኛ የፖሊካርቦኔት መከላከያ መነጽር አድርጉ፣ ዩቪውን ያስቀራል።

ስትገዙ ሻጩ "365 ነው" ካላችሁ ጠጋ ብላችሁ ሞክሩት። ጨለማ ጥግ ፈልጉና ምንም የማያበራ ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ጥሬ ብረት ላይ አብሩ። ደማቅ ሐምራዊ ክብ ከሠራ 395 ነው። ገርጣ ያለ ብርሃን ብቻ ካያችሁ ደግሞ ሻጩን ልታምኑት ትችላላችሁ። በተራ ድንጋይ የሚሠሩት ብዙ ትንንሽ አምፖል ያላቸው በአብዛኛው 395 ናቸው። ቻርጅ የሚደረጉት ጠንከር ይላሉ፣ ግን ድንጋዩ ላይ የመያዝ አቅሙ "9,900 ሚሊ አምፒር ሰዓት" ነው ተብሎ ተጽፎ ካያችሁ ሳቁና ዋጋ ቀንሱበት። ያች አውራ ጣት የምታክል 18650 የሚሏት ድንጋይ ከ4,000 ብዙም አትዘልም።